የጅማ ተማሪዎችን ወደ ዓለም አቀፍ ንግድ ሙያ እንዴት እንሳብ? ከአንድ ጆንያ ቡና የሚነሳ መመሪያ

ጅማ ውስጥ አንድ የአስረኛ ክፍል ተማሪ "ምን መሆን ትፈልጋለህ?" ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱን ሳይናገር ታውቁታላችሁ። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ቢበዛ ፓይለት። ይሄው ልጅ ግን ቤተሰቡ ጎማ ወይም ማና ወረዳ ላይ ቡና አለው። በመኸር ጊዜ ግቢው ሙሉ ጀንፈል (ከነሽፋኑ የሚደርቅ ቡና) ተሰጥቶ ይውላል፣ አጎቱ ቡና ሰብሳቢ ነው፣ ጎረቤቱ ጆንያ ይሸጣል። ዓለም አቀፍ ንግድ ደጃፉ ላይ ነው ያለው። እሱ የሚያየው ግን መኪናው ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ እስኪወጣ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ማለትም ኮንትራት የሚፈረምበትን፣ ሰነድ የሚዘጋጅበትን፣ ዶላር የሚመጣበትንና ብዙ ሰው ደመወዝ የሚበላበትን ክፍል ማንም አሳይቶት አያውቅም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለመምህራን፣ ክበብ ለሚመሩ፣ ለወላጆች፣ እንዲሁም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርደው ማገዝ ለሚፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። እኔ የማምነው አንድ ነገር አለ። ልጅ በንግግር ብቻ ሙያ አይመርጥም። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያየውና አንዱን ሥራ በእጁ ሲሞክረው ነው ልቡ የሚነሳው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በአንድ ሴሚስተር ማዳረስ ይቻላል፤ መስከረም መጨረሻ ላይ መጀመር ይሻላል፣ ምክንያቱም ጉብኝቱ ከመኸሩ ጋር ይገጥማል።

ደረጃ 1፦ ሙያዎቹን መጀመሪያ እናንተ እወቋቸው

ልጆቹ ፊት ከመቆማችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። "ዓለም አቀፍ ንግድ" ስትሉ ተማሪው የሚያስበው ብዙ ገንዘብ ያለውን ላኪ ነው። ወዲያው "እኛ ካፒታል የለንም" ይላል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ካፒታል የማይጠይቁትን ሥራዎች በስማቸው መጥራት መቻል አለባችሁ።

ቡና ቀማሽ አለ፤ ናሙና ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ቀምሶ ደረጃ የሚያወጣ። በላኪ ድርጅት ውስጥ ከገዢ ጋር በኢሜይል የሚደራደርና ኮንትራት የሚከታተል አለ። ሰነድ የሚያዘጋጅ አለ። በባንክ ውስጥ የኤልሲ (ሰነዱ ከተሟላ ለላኪው እከፍላለሁ የሚል የገዢው ባንክ ዋስትና) ወረቀት የሚመረምር ክፍል አለ። ጉምሩክ ላይ ዲክላራሲዮን (የዕቃ መግለጫ ቅጽ) የሚሞላው ትራንዚተር አለ። ኮንቴይነር የሚያስይዝ፣ መኪና የሚያሰማራ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ጭነት የሚከታተል የሎጂስቲክስ ሰው አለ። የገበሬዎች ዩኒየን ሽያጭ ኃላፊ አለ፤ አጋሮ ያለው ከታ ሙዱጋ ዩኒየን ቅርባችን ነው። ከዚህም ከፍ ሲል የአገር ንግድ ተደራዳሪ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህን ያህል ዓመት የወሰደ ድርድር ታሪፍ፣ አገልግሎትና ሕግ የሚገባው ሰው ይፈልጋል። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣናም እንደዚያው።

አንድ ነገር ጨምሩበት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የወጪና ገቢ ንግዱን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። እዚህ የሚመጣ የውጭ ኩባንያ ደግሞ የጅማን ቡና ከነመንደሩ የሚያውቅና ሰነድ የሚገባው የአገር ልጅ ማግኘቱ የግድ ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ጆንያ ቡና እስከ ገዢው መጋዘን ድረስ ተከተሉ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ቢያንስ ሦስት ክፍለ ጊዜ።

ባዶ ጆንያ ይዛችሁ ግቡ። 60 ኪሎ የሚይዘውን፣ ለኤክስፖርት የሚውለውን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አስምሩና ከግራ ጀምሩ፤ የሚያውቁትን እነሱ ይሙሉት። እሸት ለቀማ፣ አልጋ ላይ ማድረቅ፣ መፈልፈል፣ ሰብሳቢ፣ አቅራቢ። እዚህ ድረስ ልጆቹ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ፣ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የታጠበና ያልታጠበ ቡና ልዩነቱን የሚያስረዳ የገበሬ ልጅ አይጠፋም፤ ይናገር። ያ ልጅ ምናልባት በሒሳብና በፊዚክስ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም፣ እዚህ ግን ባለሙያው እሱ ነው።

ከዚያ እናንተ ትቀጥላላችሁ። ቡናው ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንዱ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ ጅማ ላይም መጋዘን ያለው። መጋዘኑ ናሙና ይወስዳል፣ ጥሬውን ያያል፣ ይቀምሳል፣ ደረጃ ይሰጣል። ሌላው አቅራቢው ከላኪው ጋር በቀጥታ የሚተሳሰርበት፣ ነጋዴው "ቨርቲካል" የሚለው መንገድ ነው። በሁለቱም በኩል ቡናው አዲስ አበባ ይደርሳል፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ በአዲስ ጆንያ ይሞላል። 320 ጆንያ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሞላል፤ አባዙትና 19,200 ኪሎ ይመጣል። ኮንቴይነሩ በመኪና ወይም በባቡር ጅቡቲ ይወርዳል። ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ጃፓን።

አሁን መስመሩ ላይ ተመለሱና እያንዳንዱ ነጥብ ላይ "እዚህ ቦታ ማን ይሠራል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ስዕል ይሳሉበት። ልጆቹ ሃያና ሠላሳ ሰው ይቆጥራሉ፤ አብዛኛው ደመወዝተኛ ነው። በደረጃ 1 ያጠናችኋቸው ሙያዎች እዚህ ቦታቸውን ያገኛሉ።

አንድ ነገር ሳትነግሯቸው አትለፉ። ያልታጠበው የጅማ ቡና በዓለም ገበያ "ጅማ 5" ተብሎ ይታወቃል፤ 5 የጥራት ደረጃው ነው። የከተማቸው ስም ከነቁጥሩ በማያውቋቸው ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጣል። ይህን የሰማ የጅማ ልጅ ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ። ወዲያው የሚመጣው ጥያቄም ጥሩ ነው፤ "ለምን 5? ለምን 1 አይሆንም?" መልሱ ስለ ጥራት፣ ስለ አደራረቅ፣ ስለ መለየትና ስለ ክፍያ ነው፤ ሙሉ የክርክር ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል። ሀረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ በንግድ ምልክትነት ሲመዘገቡና አገራችን ስታርባክስ ከሚባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር ተከራክራ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ስትደርስ ሊሙና ጅማ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ለምን እንደሆነና ወደፊት ምን መደረግ እንዳለበት ልጆቹ ይከራከሩ። የአእምሯዊ ንብረት ጠበቃ የሚባል ሙያ እንዳለ የሚሰሙት ምናልባት እዚህ ጋ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ፈረሱላን ወደ ዶላር ያስሉ

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ አዋቂም ሠርቶት አያውቅም።

የአረቢካ፣ ማለትም የእኛ ዓይነት ቡና ዋጋ የሚነገረው ኒውዮርክ ባለው የሸቀጥ ገበያ ነው፤ በአንድ ፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሳንቲም ተብሎ። እኛ የምንነጋገረው በፈረሱላ ነው፣ 17 ኪሎ። አንድ ፈረሱላ ውስጥ 37.5 ፓውንድ ገደማ አለ። ስለዚህ የኒውዮርኩ ዋጋ 300 ሳንቲም ከሆነ፣ 3 ዶላር ሲባዛ በ37.5፣ በፈረሱላ 112.50 ዶላር ይሆናል። የዕለቱን የባንክ ምንዛሪ አባዙበትና ብር ታገኛላችሁ። ልጆቹ በስልካቸው የዕለቱን ዋጋ ይፈልጉ፣ ያስሉ፣ ከዚያ ቤት ሄደው "ዛሬ ቡና ስንት ነው?" ብለው ይጠይቁ።

በነጋታው ክፍሉ ይጯጯሃል። ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ሆነ? ማን በላው? እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። "ደላላው በላው" የሚል መልስ በጣም ይቀላል፣ ሒሳቡን ግን ይዘጋዋል። አንድ በአንድ አስቆጥሯቸው። ጀንፈል ሲፈለፈል ክብደቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የጀንፈል ዋጋን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ከዚያ መፈልፈያ፣ ጆንያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ትራንስፖርት፣ ብጣሪ፣ ለቀማ፣ መጋዘን፣ የባንክ ወለድ፣ ትራንዚት፣ ትርፍ። የጅማ 5 ዋጋ ደግሞ ከኒውዮርኩ ላይ ተቀንሶ ወይም ተጨምሮ የሚወጣ ነው፣ እኩል አይሆንም። ይህን ሁሉ ቀንሰው የሚቀር ካለ፣ ያኔ ስለሱ መነጋገር ይቻላል። የዋጋ ተንታኝ የሚባለው ባለሙያ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

ለጎበዞቹ ተጨማሪ ሥራ ስጡ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ ዋጋ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በፈረሱላ ከ37 ዶላር ወደ 150 ዶላር ማለት ነው። ብራዚል ድርቅ ሲገባ አጋሮ ያለ ገበሬ ኪስ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስረድተው ይጻፉ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፣ በተመቻቸው።

ደረጃ 4፦ ክፍሉን ላኪ፣ ገዢ፣ ባንክና ጉምሩክ አድርጉት

ክፍሉን በአምስት ቡድን ክፈሉ፦ ጅማ ያለ ላኪ፣ ሃምቡርግ ያለ ገዢ፣ የላኪው ባንክ፣ የገዢው ባንክ፣ ትራንዚተር። ገዢው 320 ጆንያ ጅማ 5 ይፈልጋል። ይደራደሩ። ዋጋው ኤፍኦቢ ጅቡቲ ነው ወይስ ሲአይኤፍ ሃምቡርግ? ኤፍኦቢ ከሆነ የላኪው ኃላፊነት ዕቃው ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ነው፤ ሲአይኤፍ ከሆነ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስም ዋጋው ውስጥ ይገባል። ኢንኮተርምስ 2020 በሚባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ውሎች ዝርዝር ላይ እንዲህ ያሉ 11 ውሎች አሉ። ሁሉንም ማስተማር አያስፈልግም፣ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ።

ሰነዶቹን በወረቀት ይሥሩ። ኮሜርሺያል ኢንቮይስ (የሽያጭ ደረሰኝ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የጭነቱ ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (መርከቡ ጭነቱን ስለመረከቡ የሚሰጠው ሰነድ)፣ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጅን (ዕቃው የየት አገር ምርት እንደሆነ የሚያረጋግጥ)፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት። ስማቸው በሥራ ላይም እንዲሁ ስለሚጠራ ትርጉሙን ብታስረዱም ስሙን አትቀይሩባቸው። ያልተቆላ ቡና የኤችኤስ ኮዱ (ጉምሩክ ዕቃን የሚለይበት ዓለም አቀፍ ቁጥር) 0901.11 እንደሆነ ትራንዚተሩ ቡድን ፈልጎ ያግኝ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ለአንዱ ቡድን ሆን ብላችሁ ስህተት ያለበት ኢንቮይስ ስጡ። ኤልሲው ላይ "320 ጆንያ" ይበል፣ ኢንቮይሱ ላይ "302"። ባንኩ ሲያየው አይከፍልም። ልጆቹ "ግን ዕቃው እኮ ተልኳል!" ብለው ይከራከራሉ። አዎ ተልኳል፣ ባንክ ግን የሚያየው ወረቀት ነው፣ ቡናውን አያይም። ሰነዱ ታርሞ ካልቀረበ ወይም ገዢው ካልተስማማ ገንዘቡ ይቆማል። በተለመደው ሕግ ደግሞ ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። የሁለት ቁጥሮች መገለባበጥ 19 ቶን ቡና ሲያስይዝ ያየ ልጅ፣ ጥንቃቄ የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ እንጀራ እንደሆነ ይገባዋል። ዝምተኛና ጠንቃቃ ልጆች ነጋዴ መሆን የማይችሉ ይመስላቸዋል። ይህ ጨዋታ እነሱን ነው የሚያወጣቸው።

ደረጃ 5፦ ጉብኝት

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ከተማው ውስጥ መጋዘኖች፣ የጉምሩክ ቅርንጫፍ፣ ባንኮች አሉ። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በቡና ጥናት አገር የሚያውቀው ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የቢዝነስ ኮሌጆችም እዚሁ ናቸው።

ደብዳቤ ቀድማችሁ አስገቡ፣ የትምህርት ቤቱ ማህተም ያለበት። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ነጋዴው ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ በጠዋት አትሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከ20 ያልበለጠ ተማሪ ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፣ አቀራረባቸውም የተማረ ይሁን። "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ይህን ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የተማሩት ምንድነው?" የሚል ጥያቄ ረጅም ወሬ ያስከፍታል። "ስንት ያተርፋሉ?" የሚለው ግን በሩን ይዘጋዋል፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ትልልቅ ነጋዴዎቻችን ለልጅ መናገር ይወዳሉ፣ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

ሴት ልጆችን በተለይ አስቡ። ቡና በእጅ የሚለቅሙት ባብዛኛው ሴቶች ናቸው። ብዙ ተማሪ እናቷን ወይም አክስቷን እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው የምታውቃት፣ ስለዚህ "የቡና ሥራ" ሲባል የሚመጣላት ያ ድካም ነው። ቀማሽ የሆነች ሴት፣ የባንክ ኦፊሰር፣ የዩኒየን ሒሳብ ሠራተኛ ፈልጉና ክፍል ውስጥ ጋብዙ። አንዷ መጥታ ግማሽ ሰዓት ብታወራ የእናንተን የአንድ ወር ንግግር ትበልጣለች።

ደረጃ 6፦ ቋንቋ

የጅማ ልጅ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይዞ ነው የሚያድገው፤ ከገበሬውም ከአዲስ አበባውም ጋር ይግባባል። እንግሊዝኛው የኢሜይል እንግሊዝኛ ይሁን፤ አጭር፣ ግልጽ፣ ቁጥሩ የማይሳሳት። በቁርአን ቤት የዐረብኛ ፊደል የለዩ ብዙ ልጆች አሉን፣ ሳዑዲ ደግሞ ከትልልቆቹ የቡናችን ገዢዎች አንዷ ናት። ማንበብ የቻለ ልጅ ወደ ንግግር ዐረብኛ ቢሸጋገር ጥሩ ዕድል በእጁ ነው።

ደረጃ 7፦ ወላጆችን ጋብዙ

ያለ ወላጅ ይህ ነገር አይሄድም። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠ ልጅ ቤት ውስጥ እንደ ወደቀ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ይህን በክርክር አታሸንፉትም። ልጆቹ ደረጃ 3 ላይ የሠሩትን ሒሳብ ራሳቸው ለወላጆቻቸው ያቅርቡ፤ አባትየው የገዛ ቡናው ዋጋ ከኒውዮርክ ተነስቶ እንዴት እንደሚሰላ ከልጁ አፍ ሲሰማ ትምህርቱን ማክበር ይጀምራል። ተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠውም ቢሆን በሩ አልተዘጋበትም፤ ጥራት፣ ላቦራቶሪ፣ ግብርና፣ ሎጂስቲክስ ሁሉም ይፈልጉታል።

ቅድመ አያቶቻቸውንም አስታውሷቸው። በአባ ጅፋር ዘመን እዚሁ ጅማ የነበረው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። አፍቃላ የሚባሉት የአገሩ ነጋዴዎች ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይዘው እስከ ሰሜን ይዘልቁ ነበር። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን አትደብቋቸው፣ ንግድ ሕግና ህሊና ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ደረጃ 8፦ ከባዱንም ጎን ንገሯቸው

ጥሩውን ብቻ ያወራችሁለት ልጅ የመጀመሪያው ችግር ላይ ይመለሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ለላኪ ደስታ፣ ለአስመጪ ጭንቅ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ተስተጓጎለ፤ የተጠረጠረው የጆንያ ብክለት ነበር። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ አለ። የሚጀምርበት ቀን ቢገፋም፣ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አይገባም ይላል፣ ማሳው የት እንዳለም በጂፒኤስ ይጠይቃል። ገራና ሊሙ ላይ ከደን ጋር ለሚኖር ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለተማሪ ግን ሥራም ነው፤ ማሳ የሚለካ፣ መረጃ የሚይዝ፣ ለገበሬው በቋንቋው የሚያስረዳ ወጣት ያስፈልጋል። ልጆቹ በስልካቸው የአንድ ዘመዳቸውን ማሳ ለክተው ነጥቡን ካርታ ላይ ያስቀምጡ።

ኮንትሮባንድንም አትዝለሉ። በአቋራጭ የከበረ ሰው ስም በየሰፈሩ ይነሳል፣ ልጆቹ ይሰማሉ። ንብረቱ የተወረሰበትና የታሰረውም አለ፤ እሱም ይነገር።

ደረጃ 9፦ ቀጣዩን እርምጃ በስም ስጡት

"በርታ" ብቻ ብላችሁ አትልቀቁት። ዩኒቨርሲቲ ለሚገባው ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ ማርኬቲንግ፣ ሎጂስቲክስ፣ ግብርና ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ ሁሉም ወደዚህ ሙያ ያስገባሉ፤ ቅጹን ሲሞላ አብራችሁት ቁጭ በሉ። ነጥብ ላልመጣለት ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፣ ከትራንዚት ድርጅት ወይም ከመጋዘን ጸሐፊነት ተነስቶ መማርም አለ። ክረምቱን እቤት ለሚቀመጠው ሦስት ሥራ ስጡት፦ ኤክሴል ይልመድ፣ በየሳምንቱ የኒውዮርክን ዋጋና የአካባቢውን የቡና ዋጋ ጎን ለጎን ይመዝግብ፣ አንድ አቅራቢ ዘንድ ሄዶ "ሚዛን ልጻፍልዎት" ብሎ ይጠይቅ። መስከረም ላይ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ፣ የአዲሱን ዓመት ክበብ ደረጃ 3ን እሱ ያስተምር።